የአምስት ልጆች እናት

ወልቂጤ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚጠራው እኔ ነኝ። የምቀልድ ይመስላችኋል፤ አልቀልድም። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ጽሕፈቱ ያምራል ይሉኛል። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት የእድራችን ዳኛ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩቶ «የሟቹን የሕይወት ታሪክ አንተ ጻፍልን፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው» አለኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! ቀብር ላይ በሞንታርቦ የሚነበበውን ያንን አንድ ገጽ የማያውቅ የለም። እገሌ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በሕግ ተጋብተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ደግ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። አለቀ። ቡታጅራ ያሉ ዘመዶቼም ሰው ሲሞትባቸው እየደወሉ ስምና ቁጥር ይነግሩኛል፤ እኔም ስሙንና ቁጥሩን ቀይሬ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ስንት ሰው በዚያች አንዲት ገጽ እንደቀበርኩ እኔም አላውቀው።

የራሴ ጽሑፍ ግን ሌላ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ እጽፋለሁ። ጠዋት፣ ባለቤቴ ሳትነሳ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሬን ዘርግቼ አንድ ገጽ እሞላለሁ። ባለቤቴ «ዛሬም ጸሎት ቤትህ ገባህ?» እያለች ታሾፍብኛለች። ማንም አያነበውም፤ ይነበብልኝ ብዬም አላውቅም። ስለ ሙታን ሲዋሽ የዋለ እጄ እዚያ እውነት ይናገራል ብዬ አምን ነበር። ሰው ራሱን ሲያሞኝ አያሳፍረውም መቼም።

ይህ የሠላሳ ዓመት ልማድ የተቋረጠው ባለፈው መስቀል ነው።

እንደ ሁሉም ጉራጌ ለመስቀል አገር ቤት ገብተን ነበር። አገራችን ቡታጅራ አጠገብ ነው። ታላቅ እህቴ ከኔ በሰባት ዓመት ትበልጣለች፤ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ነው የኖረችው። አላገባችም፣ አልወለደችም። መስቀል ሲመጣ ግን ክትፎውን የምትከትፈው፣ ሕፃናቱን የምታሳብደው፣ አዲስ አበቤዎቹን ዘመዶቻችንን በነገር የምትወጋው እሷ ናት። ያን ቀን ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀረበላትን የክትፎ ጣባ ሳትነካ መለሰች። እህቴ ክትፎ መለሰች! ያኔ ነው የደነገጥኩት። ትንሽ ቆይታ በዓይኗ ጠቀሰችኝና ተከትያት ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ገባን።

«ጉበት ነው አሉኝ» አለች፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ታይቻለሁ። ለማንም እንዳትናገር፣ በዓላቸውን አታበላሽባቸው።»

እኔ ጸበል አልኩ፣ ውጭ አገር አልኩ፣ ሌላ ሐኪም ይይሽ አልኩ፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን።

«ኧረ ዝም በል እስቲ!» አለችኝ። «የኔንም አንተ ነህ የምትጽፈው አይደል?»

«ምኑን?»

«ቀብር ላይ የሚነበበውን ነዋ!»

«እትዬ፣ በእመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ!»

«ስንት ቀብር ላይ ቆሜ ሰምቼሃለሁ እኮ። ያ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰውዬ ሲሞት ‹ለትዳራቸው ታማኝ› አልከው። ሚስቱ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አፏን በነጠላ ይዛ። አንተ ጋ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም?» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ቆመና ጎኗን ያዘች። «የኔን እውነቱን ጻፍ። ደግሞ ሳልሞት አንብብልኝ። ከሞትኩ በኋላማ የሚሰሙት እነሱ ናቸው፣ እኔን ምን አገባኝ? ምን እንደነበርኩ አንዴ መስማት አማረኝ።»

እሺ አልኩ። ለሌላው ሁሉ የማደርገውን ለእህቴ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ወልቂጤ በተመለስኩ ማግስት ጠዋት ደብተሬን ዘረጋሁ። መጀመሪያ በራሴ ማስታወሻ ላይ ስለሷ እንደልቤ ልጽፍ፣ ከዚያ ጥሩ ጥሩውን ልመርጥ ነበር ሐሳቤ። «እህቴ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ቆመ። ብዙ ቆይቼ «ከአባታቸው» የሚል ቃል ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ደብተሩን ዘግቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛውም ያው። ሳምንት ሲሞላ ስለሷ ቀርቶ ስለ ራሴ መጻፍ አቃተኝ። ቀኑን ብቻ እጽፍና እቆማለሁ፦ ዛሬ ሰኞ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁንም ደብተሩ ውስጥ አሉ፤ ጥቅምትን በሙሉ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው የቆጠርኩት።

ያልሞከርኩት የለም። ብዕር ቀየርኩ። ቦታ ቀየርኩ፤ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና የረዳቶቹን ጩኸት ሰምቼ ተነሣሁ። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ጎረምሳ የፊዚክስ መምህር አለ፤ ጭንቀቴን ሰምቶ «ጋሼ፣ ምን ያካብዳሉ! ስልክዎ ላይ በድምፅ ይቅዱት፣ ሙድ ሲመጣ ይጽፉታል» አለኝ። እሱንም አደረግኩ። ስከፍተው የተቀዳው ስድስት ደቂቃ የኔ ትንፋሽና የጎረቤት ዶሮ ነው። ሙድ የሚባለውም በደጄ አላለፈ። ባለቤቴ አንጀቷ አልችል ብሎ «ለሷ ስትል የሆነ ነገር ጻፍላት እንጂ፣ ምን አለበት?» ብትለኝ ጮህኩባት። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ በዚያው ወር አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ድርሰት አጻጻፍ አስተምር ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ከልባችሁ ጻፉ» አልኳቸው።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ስለ ብርዱ፣ ስለ በርበሬው ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ አውርታ አውርታ መጨረሻ ላይ «ጻፍከው?» ትለኛለች።

«እየጻፍኩ ነው።»

«አይ አንተ! ለሌላው ሰው በአንድ ከሰዓት ትጨርሳለህ።»

ለገና ቡታጅራ እንደምመጣና እንደማነብላት ነገርኳት። ለምን ቀን ቆረጥኩ? ቀን ከተቆረጠ እጄ ይፈታ ይሆናል ብዬ። አልተፈታም። የምሄድበት ቀን ጠዋት፣ ሚኒባሱ ሊሞላ ረዳቱ እየደወለልኝ፣ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ላቤ ወረደ። ያኔ ያደረግኩትን ነገር ስናገር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። የእድር ወረቀቶቼን ማህደር ከፈትኩ። ከክረምት በፊት የሞቱ አንዲት የሰፈራችን እናት ነበሩ፤ ጥሩ የተጻፈ ነው፣ ሰው አመስግኖኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ስሙን ቀየርኩ፣ የትውልድ ቦታውን ቀየርኩ፣ ንግዱን በርበሬ አደረግኩት። ሌላውን መንገድ ላይ አስተካክለዋለሁ አልኩ። አገና ላይ መኪና ቀየርኩ፤ አረቅጥ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። የነቃሁት ቡታጅራ ነው።

የምትኖረው አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው፤ ግማሹ ቤት የበርበሬ ጆንያ ነው። ማንም እንግዳ በሯን ሲያልፍ ያስነጥሰዋል፤ እሷ አይሰማትም። ስገባ አጠገቧ ያገኘሁት የገበያ ጓደኛዋን ነው። የመስቃን ጉራጌ ናቸው፣ ሙስሊም፤ ከእህቴ ጎን ተቀምጠው በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ፣ ከታመመች ጀምሮ ገንፎውንም መድኃኒቱንም የሚሰጧት እሳቸው። «እንኳን ደህና መጣህ፣ መምህር። ስትጠብቅህ ነው ያደረችው» ብለውኝ ሁለታችንን ትተው ወጡ። እህቴ ከስታለች፤ ሆዷ ግን አብጧል። ወረቀቱን ሳወጣ «ቆይ ቆይ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፤ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ። ቀና ብላም ተቀመጠች።

አነበብኩ። በየትኛው ድምፅ? በቀብሩ ድምፅ ነዋ! ሌላ ድምፅ መቼ አለኝ? ከአባቷ ጀመርኩ፣ እናታችንን ጠራሁ፣ ትምህርት ቤት አስገባኋት። «በሕግ ተጋብተው የአምስት ልጆች እናት ለመሆን በቅተዋል» አልኩ፣ አልፌም ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ራሴ አልሰማሁትም። ደግ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ ብዬ ጨረስኩና ቀና አልኩ።

«ስማቸው ማን ማን ነው?» አለችኝ።

«የማን?»

«የልጆቼ።»

ወረቀቱን አየሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አምስት ናቸው አልክ አይደል? ንገረኛ ስማቸውን። ትንሹስ ወንድ ነው ሴት?»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ…»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ ሰጥቼ ጀርባዋን ደገፍኩ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች፤ ሁለታችንም በበርበሬው እናስነጥሳለን። እሷንም ጭምር ያን ቀን አስነጠሳት። ሲበርድላት ፊቷን ወደ ጆንያዎቹ አዞረች። «እግዜር አንድ ነፈገኝ፤ አንተ አምስት ሰጠኸኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ቆይታ ደግሞ «ሂድና የራሴን አምጣ። ይቺን ሴትዮ ለባለቤቶቿ መልስላቸው» አለችኝ።

ቅስሜ ተሰብሮ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት ቁም ሣጥኑ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጥኳቸውን የድሮ ደብተሮቼን አወረድኩ። ከራሴ ባይወጣ ከዚያ እቀዳለሁ ብዬ ነው። የሠላሳ ዓመት ማስታወሻ! ስለሷ የማይኖር ነገር አለ እንዴ? እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሥራ ሁለት፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ከክፍሏ አንደኛ። ትምህርቷን ትታ አሳደገችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቡታጅራ አንዲት ክፍል ተከራየችልኝና እሷ ገበያ ተቀመጠች። ማስታወሻ የጀመርኩትም የዚያን ጊዜ ነው። ከእሷ ጋር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጽፌያለሁ።

አነበብኩ። «እህቴ ከገበያ መጣች፣ ራት በላን።» «እህቴ ከአገር ቤት ቆጮ አመጣች።» «እህቴን ራሷን አሟት ነበር፤ ሻይ አፈላሁላት» ይልና፣ ስላፈላሁት ሻይና ስለ ደግነቴ ስምንት መስመር። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ፈገግ ስላለችልኝ ሦስት ገጽ አለ። ስለ እህቴ ከሁለት መስመር የሚበልጥ ፈልጌ አጣሁ። ገጽ ስገልጥ፣ ስገልጥ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ዛሬ እንግዶች መጥተው ስለነበር ማጥናት አልቻልኩም። ነገ የሒሳብ ፈተና አለ።»

ቁጭ አልኩ። እንግዶቹን አስታወስኳቸው። አራት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ከዘራ የያዙ። እኔ የምቀመጥባትን አግዳሚ ይዘውብኝ አልጋ ላይ ሆኜ አጠና ነበር፤ ተናድጄባቸዋለሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። እህቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። አንድ ነገር ተናገረች፤ ሰዎቹ ከመምሸቱ በፊት ወጡ። ዳግመኛ አልመጡም። እህቴ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ለእሷ የመጡ ሽማግሌዎች እንደሆኑ ያኔም ሳላውቅ አልቀረሁም፤ ማወቁ ግን ለኔ ምን ይፈይድልኛል? የሚቀጥለውን ቀን ገለጥኩ። «ፈተናው ቀላል ነበር» ይላል።

ያ ሁሉ የብዕር መቀየር፣ የሻይ ቤት መዞር ከንቱ ነበር። የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ሰውየው ማን ነው? ምን ብላ መለሰቻቸው? ትፈልገው ነበር? ሲሄዱ አለቀሰች? በአንዲት ክፍል ውስጥ ሆኜ አላየሁም። ያደረገችልኝን እንጂ እሷን አላውቃትም። ራሴን ጠላሁት፤ ከልቤ ጠላሁት።

ቅዳሜ ስትደውል ልጠይቃት ቆረጥኩ። «እትዬ፣ ያኔ… አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ…» አልኩ።

«እ?»

«ብርዱ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል» አለችኝ። የዚያን ቀን ‹ጻፍከው?› አላለችኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አላለችኝም። ከዚያ ወዲያ በስልክ ጠይቃኝ አታውቅም። ስትጠይቀኝ እንደዚያ እየተሳቀቅኩ፣ መጠየቋን ስትተው የባሰ ፈራሁ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ደብተሬ ላይ «ሽማግሌዎቹን ምን ብለሽ መለስሻቸው?» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ መጣ። ከሥሩ ሌላ። ስድስተኛ ክፍል ስታቆሚ ደብተሮችሽን ምን አደረግሻቸው? እኔ ኮሌጅ ስገባ ያቺ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ማታ ማታ ምን ታደርጊ ነበር? ምን መሆን ትፈልጊ ነበር? የምትወጂው ምግብ ክትፎ ነው ወይስ ለኛ ስትይ ነው? ሁለት ገጽ ሞላ። ከመስቀል ወዲህ እጄ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ። ባለቤቴን ቀስቅሼ «ጻፍኩ እኮ!» አልኳት።

በዚያው ቀን መሄድ ነበረብኝ። የፈተና ወረቀት ነበረብኝ፤ አርሜ ልጨርስ አልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስለዚያ አሥራ ሁለት ቀን ለራሴ የምሰጠው ምክንያት እስከ ዛሬ የለኝም።

መጋቢት ላይ ቡታጅራ ስደርስ እህቴ አላወቀችኝም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ የማይገናኝ ነገር ታወራለች። ጓደኛዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። «ትናንት እንኳ ትንሽ ታወራ ነበር» አሉኝ። ትናንት! አንድ ቀን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኛዋ ለሶላት በወጡበት ሰዓት፣ ዓይኗን ገለጠችና ጉልበቴ ላይ ያለውን ደብተር አየችው።

«ጻፍከው?»

«ጻፍኩት፣ እትዬ» አልኩ። ምን ልበል?

በእጇ ‹አንብብ› አለችኝ። ያለኝ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን አነበብኩላት። የቀብር ድምፅ አልነበረም፤ ድምፅም አልነበረኝ። «ሽማግሌዎቹን ምን ብለሽ መለስሻቸው?»

በሩን አየች። ብዙ ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ እንደ ወጣት አፈረች። ነጠላዋን ፈልጋ በእጇ ዳበሰች።

«መጡ?» አለችኝ። «ግቡ በላቸው። ቀስ ይበሉ ግን። ልጁ እያጠና ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። አጥንቼ ጨርሻለሁ» አልኳት። አልሰማችኝም። ዓይኗን ከደነች። የቀሩትን ጥያቄዎች አላነበብኳቸውም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አረፈች።

አገር ቤት፣ ቀብሯ ላይ የመንደራችን እድር ጸሐፊ ማይኩን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ማን ያንብብ ብሎ የጠየቀም የለም። ሰው ዝም አለ። የሚያምር ነገር ሊሰማ ነው። እኔ ወረቀት አልያዝኩም ነበር። «እናታችን ስትሞት እህቴ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች» አልኩ። «እኔን ለማሳደግ ትምህርቷን ተወች። አንድ ቀን እኔ ሳጠና ሽማግሌዎች መጥተውላት ነበር፤ ምን ብላ እንደመለሰቻቸው አልጠየቅኳትም። ከዚህ በላይ አላውቅም።» ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጸሐፊው ጠጋ ብሎ «ጨርስ እንጂ!» አለኝ በሹክሹክታ። ዝም ብዬ ስቆም ማይኩን ከእጄ ወስዶ «ሐዘኑ ከብዶት ነው» አለና በቃሉ ቀጠለ፦ ደግ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። አንድ ቃል አልሳተም። ሁሉም የኔው ቃል ነው።

ጓደኛዋ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከገበያው ሴቶች ጋር ቆመው ነበር። ሰው ወደ ድንኳኑ ሲያመራ እሳቸው ወደ ኋላ ቀርተው ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ሰማሁህ» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹን ያየሃቸው አንተ ብቻ መስሎሃል? ሻይ ያፈላሁላቸው እኮ እኔ ነኝ።»

«ሰውየውን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም! ገበያችን ውስጥ ጨው ይነግድ አልነበር? ስንት ዓመት ተመላለሰ።»

«እና… እትዬ ትፈልገው ነበር?»

ደብተሬን ከብብቴ አወጣሁ፤ ብዕሬንም ከፈትኩ። እጄ አልከበደኝም፤ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ መጻፍ እችል ነበር። «ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ምንም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ፤ ሁሉንም ልጽፈው ነው።»

ደብተሩን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸዋል፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«ስድስት ወር ሙሉ፣ ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ያነብልኛል ብላ በር በሩን ስታይ ከረመች» አሉኝ። «አሁን ለማን ልታነበው ነው?»